«300 ምልክት አውቃለሁ፤ ሲያወሩ ግን አንዱም አይገባኝም»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር የምልክት ቋንቋ ኮርስ ወስጄ ነበር። አስተማሪያችን መስማት የተሳናቸው ናቸው፣ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። በጣም ወደድኩት። ወደ 300 የሚሆን ምልክት ይዣለሁ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ማታ ማታ የሚሰባሰቡበት ቦታ አለ፤ ሄድኩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው አዋሩኝ። ስሜን ጠየቁኝ፣ በጣት ፊደል ነገርኳቸው። እርስ በርስ ማውራት ሲጀምሩ ግን ምንም አልገባኝም። አንዱ የሆነ ነገር አወራና ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ወደ እኔ ዞር ብላ «ምኑ አሳቀሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ቀልዱን ጻፈችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በኩል አላለፍኩም። ይኼ ሳያንስ አንድ መምህራችን ኮርሱን መውሰዴን ሰምተው ክፍላችን ውስጥ ላለ መስማት ለተሳነው ልጅ እንዳስተረጉምለት ጠየቁኝ፤ የነበረው አስተርጓሚ ለቋል። እምቢ ማለት አፈርኩ፣ እሺ ማለት ደግሞ ፈራሁ። ፊትሽ ድርቅ ያለ ነው ይሉኛል። በአፌም እያወራሁ ካልሆነ ምልክቱ አይመጣልኝም። ግራኝም ነኝ፣ እሱም ችግር ይሆን እንዴ? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

እጇ የተሳሰረባት ተማሪ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ምኑ አሳቀሽ?» የሚለው ጋ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ቆም አልኩ። አስተርጓሚነቱ እንዳስጨነቀሽ ገብቶኛል፣ ስለዚህ እሱን አሁኑኑ ባጭሩ ልመልስልሽ፦ እምቢ በይ። ለምን እንደሆነና ለመምህሩ እንዴት እንደምትነግሪያቸው ዝቅ ብዬ እጽፍልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ወደዚያች ማታ እንመለስ፤ ቋንቋውን ልተወው ያሰኘሽ እሷ ናትና።

የኔን ልንገርሽ። እኔ የምልክት ቋንቋ የተማርኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ መስማት የተሳናት ስለነበረች። ስድስት ወር ተማርኩ፣ ጎበዝ ነሽ ተባልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ገና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ፈጠን ፈጠን እያለች የሆነ ነገር ነገረችኝ። «አባቴ» ስትል ያዝኩ። «ትናንት ማታ» ስትልም ያዝኩ። የቀረው አመለጠኝ። አባቷ ሊጠይቋት መጥተው ይሆናል ብዬ ገመትኩና በፈገግታ ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅኩ «ደስ ሲል!» አልኳት። እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አንድ በአንድ ደገመችልኝ። አባቴ። ትናንት ማታ። ወደቀ። ሆስፒታል ገባ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ይቅርታ ስላት ግን ያዘነችው ሳይገባኝ በመቅረቱ እንዳልሆነ ነገረችኝ። «ካልገባሽ አልገባኝም በይኝ፤ ራስሽን ስትነቀንቂ ገብቷታል ብዬ ነው የምቀጥለው» አለችኝ። እስካሁን ከማንም አስተማሪ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው። «አልገባኝም» እና «ድገሚልኝ» የሚሉትን ሁለት ምልክቶች ከ300ዎቹ ሁሉ በፊት እጅሽ ላይ አኑሪያቸው።

አሁን ደግሞ «ምኑ አሳቀሽ?» ያለችሽን ልጅ አስቢያት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲጫወት ወሬው ሁሉ በድምፅ ነው። ሳቅ ይፈነዳል። ልጅቷ «ምን ተባለ?» ብላ ትጠይቃለች፤ «ቆይ በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏታል፣ ወይም «ተዪው፣ ምንም አይደለም»። ያ «በኋላ» የሚባለው አይመጣም። ዓመቱን ሙሉ፣ በዓል በመጣ ቁጥር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይገባቸው አብሮ መሳቅን ይለምዱታል። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅቷ የአንቺን ሳቅ ወዲያው የለየችው ከራሷ ስለምታውቀው ነው። አንቺ አንድ ማታ የቀመስሽውን እሷ ስትኖርበት ነው ያደገችው። ጠይቃሽ ስታበቃ ምን አደረገች? «ተዪው» አላለችሽም። ስልኳን አውጥታ፣ ጊዜዋን ሰጥታ፣ ቀልዱን ከነመጨረሻው ጻፈችልሽ። አንቺ ያንን እንደ ውርደት ይዘሽው ሄድሽ፤ እኔ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። እሷ ሲደረግላት የምትመኘውን ነው ያደረገችልሽ።

ታዲያ 300 ምልክት እያወቅሽ ለምን አልገባሽም? ያለማመድሽው እጅሽን ስለሆነ ነው። ዓይንሽ ገና አልተማረም። ክፍል ውስጥ ምልክት የሚሰጠው አንድ በአንድ ነው፦ ይኼ «ውሃ»፣ ይኼ «እናት»፣ ይኼ «መጽሐፍ»። ፈተናውም እንዲሁ ነው። ሰዎች ሲያወሩ ግን ቃላቱን ደርድረው አይደለም የሚያወሩት። ታሪክ የሚያወራው ልጅ መጀመሪያ ሰዎቹን አየር ላይ ያስቀምጣቸዋል፦ መምህሩን በቀኙ፣ ጓደኛውን በግራው። ከዚያ በኋላ «መምህሩ» ወይም «ጓደኛዬ» ብሎ አይደግምም። ወደ ቀኝ ይጠቁማል፣ ወይም ዓይኑን ብቻ ወደዚያ ይልካል፣ አልያም ትከሻውን ዞር አድርጎ ራሱ መምህሩን ይሆናል። ያቺ የመጀመሪያ ሰከንድ ካመለጠችሽ ቀሪው ታሪክ ባዶ አየር ላይ መጠቆም ሆኖ ነው የሚታይሽ። መኪና ሲሄድ፣ ሲያዘነብል፣ ግድግዳ ሲገጭ የሚያሳየው አንድ የእጅ ቅርጽ ነው፤ እጁ ራሱ መኪናው ይሆናል። ያንን ከያዝሽው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ብትፈልጊው አታገኚውም። አንቺ 47ኛውን ቃል ስትፈልጊ ታሪኩ ሩቅ ሄዷል።

ሰው ይኼን ሲሰማ የማይለመድ ነገር ይመስለዋል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ግን ባዕድ አይደለም። «ሰጠችኝ» የምትለዋን ቃል ተመልከቻት። ማን ሰጠ፣ ለማን ሰጠ፣ ሁሉም አንዲት ቃል ውስጥ ነው። «ሰጠኋት» ስትዪ አቅጣጫው ይገለበጣል። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች «መስጠት» እንደዚሁ ነው የሚሠራው፦ እጁ እሷ ከተቀመጠችበት ቦታ ተነስቶ ወደ አንቺ ከመጣ «ሰጠችኝ» ነው፣ ካንቺ ተነስቶ ወደ እሷ ከሄደ «ሰጠኋት»። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በአፍ እያወሩ ምልክት መሥራት የማይሆነውም ለዚህ ነው። አፍሽ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፣ እጅሽ ደግሞ የራሱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስትነጃቸው አፍ ያሸንፋል። እጅሽ ከአፍሽ ኋላ ኋላ እየተከተለ ቃል ይለቅማል፣ ቦታውንና አቅጣጫውን ይጥላል። ለአንቺ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመስልሻል፣ ምክንያቱም ድምፅሽ ይሰማሻል። ለሚያይሽ ሰው ግን ግማሹ የጎደለ ወሬ ነው። አፍሽን ዝጊና ሞክሪ። ሁለት ሳምንት ይከብድሻል፣ እንደ ዲዳ የሆንሽ ይመስልሻል፣ ከዚያ እጅሽ በራሱ መሄድ ይጀምራል።

ፊትሽስ? ይኼ የብዙ ተማሪ ችግር ነው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሁላችንም ተረጋግተን፣ ፊታችንን ሳናጨማድድ እንድናወራ ነው ያደግነው። አሁን «መጣ» በይ። አሁን ደግሞ «መጣ?» በይ። ቃሉ ያው ነው፤ ጥያቄ ያደረገው ድምፅሽ ነው። የምልክት ቋንቋ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ያንን ሥራ የሚሠራው ፊት ነው። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሆነ ጥያቄ ስትጠይቂ ቅንድብሽ ወደ ላይ ይነሳል። «ማን?»፣ «የት?»፣ «ለምን?» ስትዪ ደግሞ ቅንድብሽ ይሰበሰባል፣ ግንባርሽ ይቋጠራል። ቅንድብሽ ካልተነሳ ጠያቂ መሆንሽ አይታወቅም፤ «መጣ» ብለሽ ነገርሻት እንጂ አልጠየቅሻትም። ትልቅና ትንሽ፣ ሩቅና ቅርብ፣ ቀስ ብሎና እየተጣደፈ የሚሉትም ጉንጭና ከንፈር ላይ ይታያሉ። ስለዚህ ፊትሽ ደረቅ ነው ሲሉሽ አትቀየሚ፣ ጠባይሽን እየወቀሱ አይደለም። ድምፁ ከፍና ዝቅ የማይል ሰው ሲያወራ መስማት እንዴት እንደሚያደክም ታውቂያለሽ፤ ያንን ነው የሚነግሩሽ።

የሚያጽናናሽ ከሆነ፣ ምሁራኑም ፊትን ያዩት ዘግይተው ነው። ዊልያም ስቶኪ የሚባል የሚሰማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ባለው ጋላውዴት በተባለው የመስማት የተሳናቸው ኮሌጅ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ገባ። ሲገባ ምልክት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹን እያየ ግን ይኼ የእጅ ማወራጨት አይደለም፣ የራሱ አሠራር ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው አለ፤ በ1960ም ጽፎ አሳተመ። እያንዳንዱን ምልክት በሦስት ነገር ከፈለው፦ የእጁ ቅርጽ፣ የሚሠራበት ቦታና እንቅስቃሴው። የመዳፉ አቅጣጫና የፊት ገጽታ ከዚያ በኋላ በመጡ ሰዎች ነው የተጨመሩት። ያ ሁሉ ዓመት እጅ ብቻ ያዩ የነበሩ ሰዎች እንኳ ፊት ላይ የደረሱት ቆይተው ነው። አንቺ ገና በአንድ ሴሚስተርሽ ነሽ።

እንግዲህ ዓይንሽን እንዴት ታስተምሪው? መጀመሪያ እጅ ላይ ማፍጠጥ ተዪ። ምልክት የሚያወሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩት ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን ነው። እጁን በጎን እይታ ነው የሚይዙት። አዲስ ተማሪ ግን እጁን ተከትሎ ይሮጣል፣ ፊት ላይ ያለው ሰዋስው ሁሉ ያመልጠዋል፣ ዓይኑም ቶሎ ይደክማል። መጀመሪያ ላይ ዓይንሽን ፊት ላይ ስታሳርፊ ከበፊቱም ያነሰ የገባሽ ይመስልሻል፤ ታገሺ።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቃል መሰብሰብ ለጊዜው አቁሚ። 300 ይበቃሻል። ቋንቋውን ከልጅነቱ የሚያወራ ሰው አንድ ደቂቃ የሚያወራበት ቪዲዮ ፈልጊና ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ እዪ። እስክሪብቶ አትያዢ። መጀመሪያ ቀን የምትፈልጊው ማን ምን እንዳደረገ ብቻ ነው፣ የቀረውን ልቀቂው። በሚቀጥለው ቀን ሰዎቹን የት የት እንዳስቀመጣቸው ተከታተዪ። ከዚያ ቅንድቡን። ቃላቱን በመጨረሻ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ይቻላል፣ ግን በዝግታ ጀምረሽ ሁልጊዜ በትክክለኛው ፍጥነት ጨርሺ። አለዚያ ዓይንሽ የሚለምደው የሌለ ቋንቋ ነው፤ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ቪዲዮው አንቺ የተማርሽው ቋንቋ መሆኑን አረጋግጪ። የምልክት ቋንቋ በዓለም ላይ አንድ አይደለም። እንግሊዝና አሜሪካ የሚናገሩት ያው እንግሊዝኛ ነው፤ የምልክት ቋንቋቸው ግን አይግባባም። የአሜሪካው የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው፣ ምክንያቱም ሎራን ክሌር የተባለ መስማት የተሳነው መምህር እ.ኤ.አ. በ1816 ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዓመቱ የተከፈተውን የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አብሮ መሥርቷል። የጣት ፊደሉም ይለያያል፦ እንግሊዞቹ በሁለት እጅ ነው የሚጽፉት፣ አሜሪካኖቹ በአንድ። የአማርኛው ደግሞ የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ይይዝና ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን በእንቅስቃሴ ይለያል። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የምታገኚው የአሜሪካውን ስለሆነ ሳታውቂው ትደባልቂያለሽ።

ራስሽንም ቅረጪ። አንድ አጭር ነገር፣ ትናንት የሆነብሽን ነገር አውሪና ቪዲዮውን ለሦስት ቀን አትክፈቺው። ከሦስት ቀን በኋላ ስታዪው ምን እንዳልሽ ራስሽ ከገባሽ ጥሩ ነው። የት ላይ እንደሚጠፋብሽ ታያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ሰዎቹን ሳታስቀምጪ መጠቆም የጀመርሽበት ቦታ ነው የሚሆነው።

ግራኝነትሽ ምንም ችግር የለውም። ግራሽን ዋና እጅ አድርጊው፤ ቀኞች በቀኛቸው የሚሠሩትን አንቺ በግራሽ ትሠሪዋለሽ፣ ሰው ሁሉ ይረዳሻል። ብቻ በአንድ ወሬ መሃል ከእጅ ወደ እጅ አትቀያይሪ፣ ያኔ ነው ግራ የሚያጋባው።

ይኼን ሁሉ ቤት ውስጥ ብቻሽን ብትሠሪው ግን አይበቃም። ኒካራጓ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ መስማት የተሳናቸው ልጆች እዚያ አገር በየቤታቸው ለየብቻ ነበር የሚኖሩት። እያንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባበት ጥቂት ምልክት ነበረው፤ የጋራ ቋንቋ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ማናጓ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተና አንድ ላይ ተሰበሰቡ። መምህራኑ የሚያስተምሯቸው ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ ነበር፣ እሱም ብዙ አልሠራም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ የየቤታቸውን ምልክት እያዋጡ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። ከነሱ በኋላ የመጡት ትንንሾች ደግሞ ሰዋስው ጨመሩበት። ቋንቋውን ማንም ከሰሌዳ ላይ አልሰጣቸውም፣ ከመሰባሰባቸው ነው የተወለደው። አንቺ የሸሸሽው ማታ የሚሰባሰቡበት ቦታ እንደዚያ ያለው ቦታ ነው። ቋንቋው ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ ጥያቄ። ለምን እምቢ በይ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። አንድ ሰዓት ሌክቸር ማስተርጎም ማለት እየሰሙ፣ እየተረዱ፣ እየቀየሩ፣ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እየጠበቁ መሥራት ነው። ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች እንኳ ረዘም ላለ ሥራ ሁለት ሆነው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ ጭንቅላት ስለሚዝል። አንቺ የሁለት ጓደኛሞች ወሬ ገና አልገባሽም። አንቺ የምታስተላልፊው ከአሥሩ ሁለቱን ቢሆን ልጁ ስምንቱ እንደቀረ አያውቅም። የሚያውቀው ፈተና ሲቀርብለት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ከመሪዎቹ ጎን ቆሞ «ያስተረጎመው» ሰው ምንም ትርጉም የሌለው የእጅ እንቅስቃሴ ሲያሳይ ነበር። በስታዲየሙ የነበሩት የሚሰሙ ሰዎች ምንም አልታወቃቸውም። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ናቸው ወዲያው አይተው የጮኹት። አንቺ እንደሱ አታላይ አይደለሽም፣ በቀና ልብ ነው የተጠየቅሽው። ግን ከፊት ቆመሽ እጅሽን ስታንቀሳቅሺ የሚሰሙት ሁሉ «ተፈታ» ነው የሚሉት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። አንቺ ቦታውን ከሸፈንሽው አዲስ አስተርጓሚ ለመቅጠር የሚቸኩል አይኖርም። በዚህ ጉዳይ የሚሰሙ ሰዎች ለማይሰሙት «ይኼ ይበቃቸዋል» ብለው የወሰኑት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ የሚሰሙ ነበሩ። ልጆች በአፍ መናገር ብቻ ይማሩ፣ ምልክት ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራቸው ወጡ፣ ልጆች በእጃቸው ሲያወሩ ተቀጡ። ያ ውሳኔ ውድቅ መሆኑን ያው ጉባኤ በይፋ የተናገረው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት ማለት ነው። ያንቺ ክፍል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ለዚያ ልጅ ግን ያለው ትምህርት እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመምህሩ በፊት ልጁን አናግሪው። ያ ሁሉ ሰው ስለሱ ሲያወራ እሱን የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። ካልሄደልሽ ጽፈሽ ጠይቂው፦ «መምህሩ እንዳስተረጉምልህ ጠይቀውኛል፣ እኔ ግን ገና ጀማሪ ነኝ፣ ምን ቢደረግልህ ነው የሚሻለው?» ምናልባት ኖትሽን ይፈልግ ይሆናል፣ ምናልባት መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ አዙረው እንዳያወሩ ይፈልግ ይሆናል፣ ምናልባት ጥያቄውን በጽሑፍ አንሥቶ ባለሙያ እንዲቀጠር አብረሽው ቢሮ እንድትሄጂ ይፈልግ ይሆናል። ከዚያ ለመምህሩ በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ መምህር። የወሰድኩት ግን የጀማሪ ኮርስ ነው፣ ባስተረጉም ልጁ ትምህርቱን ያጣል። ኖቴን አካፍለዋለሁ፣ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመደብ ደግሞ እርስዎ ቢጠይቁልን።» በቃ። ማፈር የለብሽም። ሊያሳፍርሽ የሚችለው እሺ ብለሽ ልጁ ቢወድቅ ነው።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አትተዪው። በዚህ ሳምንት ወደዚያ ቦታ ተመለሺ። ያቺን ልጅ ፈልጊያት። ከሩቅ ከሆነች እጅሽን አወዛውዢላት፣ ከቅርብ ከሆነች ትከሻዋን በቀስታ ንኪያት። ሁለት ሰዎች እያወሩ በመሃላቸው ማለፍ ካለብሽ ቆመሽ ይቅርታ አታብዢ፣ ቶሎ እለፊ፣ መቆምሽ ነው ወሬያቸውን የሚያቋርጠው። ከዚያ ያን ቀን በስልኳ የጻፈችልሽን ቀልድ በምልክት እንድትነግርሽ ጠይቂያት። ነገሩን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፣ ምን እንደተባለ መገመት የለብሽም። ማንን የት እንዳስቀመጠች፣ ቅንድቧ መቼ እንደተነሳ፣ የሚያስቀው ቦታ ላይ ስትደርስ ፊቷ ምን እንደሆነ ብቻ እዪ። ካመለጠሽ «ድገሚልኝ» በያት።